ጨረታ ላይ «ሴራሚክ» ብቻ ብላችሁ አትጻፉ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ፋብሪካ ውስጥ ሞተርና ፓምፕ የምጠግን ሰው ነኝ፣ መጻፍ ላይ እንኳን እስከዚህም ነኝ፣ አጻጻፌን እለፉልኝ። ጥር 2016 ላይ የነዳጅ አውቶሞቢል አይገባም ከተባለ ወዲህ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ደጋግማችሁ ትጽፋላችሁ፣ ስለ ባትሪው፣ ስለ ቻርጀሩ፣ ስለ ዋጋው። ሞተሩ ውስጥ ስላለው ኩሽኔታ ግን አንድ ቃል አላየሁም። ቢሮ ያሉት ቤሪንግ ነው የሚሉት፣ እኛ ጋ ኩሽኔታ ነው፣ በሁለት ቀለበት መሀል ኳሶች ያሉት፣ የሞተሩ ሻፍት ተደግፎ የሚሽከረከርበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመኪናው ሞተር የሚነዳው በኢንቨርተር፣ ማለትም የሞተሩን ፍጥነት በሚቆጣጠረው መሳሪያ ነው፣ ፋብሪካም ውስጥ ብዙ ፓምፕና ፋን አሁን በኢንቨርተር ሆኗል። ኢንቨርተር መብራቱን በሴኮንድ ሺህ ጊዜ እየቆራረጠ ስለሚልክ ሻፍቱ ላይ ቮልቴጅ ይጠራቀማል፣ መውጫ ሲያጣ በኩሽኔታው ኳስ በኩል ብልጭ እያለ ያልፋል፣ እያንዳንዷ ብልጭታ ደግሞ ብረቱን በአይን የማትታይ ነጥብ ታህል ታቀልጠዋለች፣ ቆይታችሁ ስትፈቱት ቀለበቱ እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ መስመር መስመር ሰርቶ ግራሶው ጠቁሮ ታገኙታላችሁ። እኛ መጀመሪያ ሰሞን ሞተሩ በጮኸ ቁጥር «ግራሶ አንሶት ነው» እያልን ስንት ግራሶ እንደጨረስን እኔ ነኝ የማውቀው። አንዱ መፍትሄ ቀለበቱ ብረት ሆኖ ኳሱ ሴራሚክ የሆነ፣ ሀይብሪድ የሚሉትን ማስገባት ነው፣ ሴራሚክ መብራት አያሳልፍማ።

እንግዲህ ተጠየቀ፣ ጨረታ ወጣ፣ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው «ሴራሚክ ቤሪንግ 6206» ብቻ ነው፣ 6206 የልኩ ቁጥር ነው። በዝቅተኛ ዋጋ ያሸነፈው አቀረበ፣ ኳሱ ጥቁር የሚያብረቀርቅ፣ ሲያዩት ያምራል። ሶስት ወር ሳይሞላው መጮህ ጀመረ። ፈትቼ ሳየው ኳሶቹ ላይ ቅርፊት እንደ መላጥ ብሏል። አንዷን ጤነኛዋን ኪሴ ከትቼ ሰፈራችን ያለ ወርቅ ሰሪ ጋ ሄድኩ፣ «ይሄ ደሞ ምን ወርቅ ነው» ብሎ ስቆብኝ መዘነልኝ፣ 2.7 ግራም። በቃ ገባኝ። 6206 ውስጥ ያለችው ኳስ 3/8 ኢንች ናት፣ ብረት ብትሆን 3.5 ግራም አካባቢ ትመዝናለች፣ ሲሊከን ናይትራይድ የሚባለው ሴራሚክ ብትሆን 1.45። 2.7 ዚርኮኒያ የሚባለው ሌላው ሴራሚክ ነው፣ ጥቁር የተደረገ ዚርኮኒያ። አቅራቢው ዋሸ እንዳልል ሴራሚክ ተባለ ሴራሚክ አመጣ፣ ዚርኮኒያም እኮ ሴራሚክ ነው! የስኒውም ሸክላ በነሱ አጻጻፍ ሴራሚክ ነው።

ቀን ከሌሊት ለሚሽከረከር ኩሽኔታ የሚፈለገው ሲሊከን ናይትራይድ ነው። ከብረት 60 በመቶ ያህል ይቀላል፣ ስለዚህ ፍጥነት ሲጨምር የውጪውን ቀለበት ብዙ አይገፋም፣ ጥንካሬውም ከብረቱ እጥፍ አካባቢ ስለሆነ ቆሻሻ ቢገባ ኳሱ አይጫርም። ዚርኮኒያ ክፉ ነገር ነው ማለቴ አይደለም፣ ሲሞቅ የሚሰፋው ከብረት ጋር ስለሚቀራረብ ለልኩ ይመቻል፣ ለዝግታና ለቀላል ጭነት ጥሩ ነው፣ ግን ሙቅ ውሃና እንፋሎት ውስጥ ቀስ እያለ ውስጡ ይለወጥና ይሰነጠቃል። አመራረቱም ሌላ ጣጣ ነው፣ በፈረንጆቹ 2001 ለሰው ዳሌ የተሰራ የዚርኮኒያ ኳስ ሰው ውስጥ እየተሰበረ ከገበያ ተሰብስቧል፣ ምክንያቱ መጋገሪያ እቶኑ መቀየሩ ነበር። ስሙ ያው ዚርኮኒያ፣ እቶኑ ሌላ።

ቫልቭ ላይ ስትመጡ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ኩሽኔታ ላይ የምንወደው ቅለት ፈሳሽ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፈው ቼክ ቫልቭ ላይ ጠላት ሊሆን ይችላል፣ ምክንያቱም ስፕሪንግ ከሌለው ኳሷ በራሷ ክብደት ወርዳ ነው ቀዳዳውን የምትዘጋው። ፈሳሹ ወፍራም ከሆነ ቀላል ኳስ ተንሳፋ ትዘገያለች፣ በዛች ቅፅበት ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ፈሳሽ ለክቶ የሚያስገባው ዶዚንግ ፓምፕ ልኩን ይስታል። እዛ ጋ ከበድ ያለው ዚርኮኒያ ይሻላል። ለውሃ ክሎሪን በሚያስገባው ፓምፕ ግን ፈሳሹ ቀጭን ነው፣ ርካሹ ሴራሚክ፣ አሉሚና፣ በደንብ ይሰራል፣ ስቴንለሱን ክሎሪን ይበሳዋል አሉሚናን አይነካውም፣ ብቻ መዶሻ አታሳዩት። ኳሷን ስትቀይሩ መቀመጫዋንም እዩ፣ የተበላ መቀመጫ ላይ አዲስ ኳስ ብታስቀምጡ ያው ያፈሳል።

«ግሬድ 5 ነው» ብሎ የሚሸጥላችሁም አለ። ግሬድ 5 ማለት ኳሷ ከክብነት የምትስተው ቢበዛ 0.13 ማይክሮን ነው ማለት ነው፣ የሰው ፀጉር 70 ማይክሮን አካባቢ ነው እንግዲህ አስቡት። ግን እሱ ስለ ቅርጿ ነው፣ ውስጧ ክፍተት ይኑር፣ ላይዋ ላይ ኳስ ከኳስ ሲጋጭ የሚፈጠረው ጨረቃ የመሰለ ስንጥቅ ይኑር፣ ግሬዱ አይነግራችሁም። የቅርጹ አለም አቀፍ ደረጃ አይኤስኦ 3290 ነው፣ የሲሊከን ናይትራይዱ እቃ አይኤስኦ 26602 ነው፣ ሁለቱም ይጠየቅ።

ሁሉም ቦታ ሴራሚክ ይግባ እያልኩ ደግሞ አይደለም። ዋጋው የብረቱን ብዙ እጥፍ ነው፣ ኳሱም እምቢ ባይ ደረቅ ስለሆነ ምት የበዛበት ቦታ፣ እንደ ድንጋይ መፍጫ ያለ ላይ፣ የብረት ቀለበቱን ያጎደጉደዋል፣ እዛ ብረት በብረት ይሻላል። ሞተሩን ብቻ ሀይብሪድ አድርጋችሁ ሻፍቱን በብሩሽ መሬት (ኤርዝ) ካላስያዛችሁት ደግሞ መብራቱ ሞተሩንና ፓምፑን በሚያገናኘው ካፕሊንግ አልፎ የፓምፑን ኩሽኔታ ሊበላ ይችላል፣ ይሄ ደርሶብኛል።

የመኪና ጋራዥ ያላችሁም ቁጥሩ 6206 ስለሆነ ብቻ ተራውን አትግጠሙ፣ ከቁጥሩ ኋላ ያለውን ፊደል አንብቡ፣ ኩሽኔታ አምራቹ ኤስኬኤፍ ለምሳሌ ኤችሲ5 ብሎ ከጻፈ ኳሱ ሲሊከን ናይትራይድ ነው ማለቱ ነው። ግዢ ክፍሎች ደግሞ የኳሱን እቃ በስሙ፣ ግሬዱን፣ በኳሱና በቀለበቱ መሀል የሚቀረውን ክፍተትና የእያንዳንዱን ምርት ዙር (ባች) ሰርተፍኬት ጨረታው ላይ ጻፉልን፣ አራት መስመር ነው። እቃ ሲረከቡም አንድ ኳስ ይመዘን፣ ወርቅ ሰሪው እንደሁ ከኔ ገንዘብ አልተቀበለም።

የሞተር ጥገና ሰራተኛ
ከአቃቂ