የሐምሌው ችግኝ ጥር ላይ እንዳይደርቅ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ተማሪዎች ስለ አየር ንብረት ለውጥ ምን ያድርጉ ሲባል ቀድሞ የሚሰነዘረው ምክር «መብራት አጥፉ» የሚለው ነው። የኤሌክትሪክ ኃይሏን ከሞላ ጎደል በሙሉ ከውኃና ከነፋስ በምታመነጭ አገር ይህ ምክር የቤተሰቡን የመብራት ክፍያ ከመቀነስ ብዙም አይዘልም። በ2004 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ እንደሚያሳየው፣ ከኢትዮጵያ የሙቀት አማቂ ጋዞች ልቀት ከ85 በመቶ በላይ የሚሆነው ከግብርናና ከደን የሚመጣ ነው። ስለዚህ የሐዋሳ ተማሪ ትልቁ ሥራ ያለው አፈር ላይ፣ ዛፍ ላይና ምድጃ ላይ ነው።

ችግኝ መትከሉ አልቀረም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ከተነገረ ወዲህ በየክረምቱ ይተከላል፤ ትምህርት ቤቶችም ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ችግሩ ያለው ከቀን መቁጠሪያው ላይ ነው። ችግኝ የሚተከለው ተማሪው ለክረምት ሲበተን ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ዝናቡ ስለሚያጠጣው ሰው እምብዛም አያስፈልገውም። ሰው የሚያስፈልገው ከኅዳር እስከ የካቲት፣ የበልግ ዝናብ እስኪመጣ ባሉት አራት ደረቅ ወራት ነው። አፈሩ ከላይ ወደ ታች እየደረቀ ሲሄድ በሐምሌ የተተከለው ችግኝ ሥር ገና ጥልቅ አልገባም። በእነዚያው ወራት ግቢው በተማሪ የተሞላ ነው። የየትምህርት ቤቱ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ዋና ሥራ እዚህ ላይ ቢሆን የምንለው ለዚህ ነው።

ስለ ማጠጣት እንጀምር፤ ብዙ ችግኝ የሚሞተው ውኃ እየጠጣ ነውና። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ሲረጭ የሚርሰው የላይኛው ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ሥሩም ውኃውን ተከትሎ እዚያው ላይ ይቀራል፤ ትምህርት ቤቱ ለአንድ ሳምንት ሲዘጋ ችግኙ ይጠወልጋል። ለአንድ ችግኝ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ 5 ሊትር፣ በማለዳ ወይም ፀሐይ ስትጠልቅ ማጠጣት ይሻላል። ውኃው ሸሽቶ እንዳይሄድ ግንዱን መሐል አድርጎ 70 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ገበታ መሥራት፣ ዙሪያውንም በ10 ሳንቲ ሜትር የአፈር እርከን መከለል ያስፈልጋል። 40 ችግኝ የተረከበ አንድ ክፍል በሳምንት 400 ሊትር፣ ማለትም 20 ጀሪካን ውኃ ይፈልጋል። ክፍሉ 50 ተማሪ ካለው እያንዳንዱ በማጠጫው ቀን ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ሁለት ጊዜ ሞልቶ ቢያፈስ ሥራው አለቀ።

ውኃው ከየት ይመጣል? ከጣሪያ። በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 1 ሊትር ውኃ ነው። 8 በ7 ሜትር የሆነ የመማሪያ ክፍል ጣሪያ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲያገኝ፣ የሚባክነው ተቀንሶ እንኳ 450 ሊትር ያህል ይሰጣል። በመስከረም መጨረሻ ዝናቦች የተሞላ ባለ 5,000 ሊትር ሮቶ ከላይ ላልነው አንድ ክፍል ለ12 ሳምንታት ይበቃል። የመጀመሪያው ዝናብ የጣሪያውን አቧራና የወፍ ኩስ ይዞ ስለሚወርድ ወደ ሮቶው አይግባ። አፉም በወንፊት ካልተሸፈነ የወባ ትንኝ መራቢያ ይሆናል።

የተጣለ ሃይላንድም ማጠጫ ይሆናል። ቂጡን ቆርጦ፣ ክዳኑን በጋለ መርፌ በስቶ፣ ጨርቅ ጠቅልሎበት፣ አፉን ወደ ታች አድርጎ ከግንዱ 15 ሳንቲ ሜትር ራቅ ብሎ መቅበር ነው። ከመቀበሩ በፊት ይሞከር፤ ሁለት ሊትሩ ለመፍሰስ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ካልፈጀበት ቀዳዳው ሰፍቷል። ጨርቁ ከሌለ ደግሞ አፈር ቀዳዳውን ይደፍነዋል። የላይኛው አፈር ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር በሚሆን ደረቅ ሣር ይሸፈን፤ ሣሩ ግን ከግንዱ 10 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፤ ካልሆነ ግንዱ ይበሰብሳል። ምስጥ ባለበት ግቢ ሣሩን ማሳሳትና በየሳምንቱ እያነሱ ማየት ግድ ነው።

ቀጥሎ ኮምፖስት። በሐዋሳ ከየሰፈሩ ከሚጣለው ቆሻሻ ብዙው የሚበሰብስ ነው፤ የጫት ገረባ፣ የሙዝ ቅጠል፣ ተመጦ የተጣለ ሸንኮራ፣ የቡና አተላ፣ የወጥ ቤት ልጣጭ። ይህ ሁሉ አየር በማያገኝበት ቦታ ታምቆ ሲበሰብስ ሚቴን ያወጣል፤ ሚቴን ደግሞ በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ያህል ሙቀት ያምቃል። አየር እያገኘ ከበሰበሰ ግን የችግኝ ምግብ ይሆናል። ክምሩ ወርዱም ቁመቱም ከ1 ሜትር ካነሰ አይግልም፤ 1 ሜትር ተኩል ቢሆን ጥሩ ነው። ከታች አየር እንዲያስገባ ወፈር ያለ ጭራሮ ይነጠፋል። በላዩ 20 ሳንቲ ሜትር ደረቅ ነገር (የበቆሎ አገዳ፣ የረገፈ ቅጠል)፣ ከዚያ 10 ሳንቲ ሜትር እርጥብ ነገር፣ ከዚያ ስስ የእበት ንጣፍና እፍኝ እፍኝ አፈር እየተደረገ ይደገማል። የገረባው እንጨት 5 ሳንቲ ሜትር እየሆነ ካልተከተፈ ሌላው ሁሉ በስሎ እሱ ጥሬውን ይቀራል። ገረባው የመጣበት ፌስታል ሳይለቀም ከገባ ደግሞ ኮምፖስቱን ያበላሻል፤ ይህ በየቦታው የሚታይ ጥፋት ነው። ጫት ላይ ፀረ ተባይ የሚረጭበት ጊዜ ስላለም የገረባ ኮምፖስት ለጎመንና ለሰላጣ መደብ ሳይሆን ለዛፍ ችግኝ ይዋል።

እርጥበቱን በእጅ ጨብጦ መለካት ይቻላል፤ ሲጨመቅ ሁለት ሦስት ጠብታ ካወጣ ልክ ነው። ረጅም ዱላ መሐሉ ላይ ተክሎ በሳምንቱ መንቀል፤ ዱላው ትኩስና እርጥብ ከሆነ ሥራው ተጀምሯል። ቀዝቃዛና ደረቅ ከሆነ ውኃ፣ ቀዝቃዛና የሚሸት ከሆነ አየርና ደረቅ ቅጠል ጎድሎታል። በየሦስት ሳምንቱ ሲገለበጥ በሦስት ወር ገደማ ይደርሳል። ከአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ የሚመጣ ተረፈ ምርት ግሩም ምግብ ቢሆንም፣ በጋለው ክምር መሐል 30 ሳንቲ ሜትር ተቀብሮ በደረቅ ነገር ካልተሸፈነ ውሻና አባ ኮዳ ክምሩን ይበትኑታል።

በጥር የተሠራ ኮምፖስት ለቀጣዩ ሐምሌ ጉድጓድ ይደርሳል። የችግኝ ጣቢያውም የሚጀመረው በዚያው በጥር ነው። ለከረጢቱ ሦስት እጅ አፈር፣ ሁለት እጅ የበሰለ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ ይቀላቀላል። የግራር ዘር ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ ፈልቶ ከእሳት በወረደ ውኃ ውስጥ ጨምሮ እስከ ማግሥቱ ማሳደር ይገባል፤ እሳት ላይ አብሮ ከተቀቀለ ይሞታል። ዋንዛ ግን ሥጋው ተላጦ ትኩሱን ይዘራል፤ አንዳንዱ ዘር ሁለት ወር ስለሚቆይ «አልበቀለም» ብሎ ከረጢቱን ለመድፋት መቸኮል አያስፈልግም። ሥሩ ከረጢቱን አልፎ መሬት ሲነካ ችግኙን እያነሱ የወጣውን ሥር መቁረጥ፣ ሰኔ ላይ ደግሞ ጥላውን እያነሱና ውኃውን እያራራቁ ማጠንከር ያሻል። በጥላ ተቀማጥሎ ያደገ ችግኝ ሜዳ ላይ አይችልም።

ጉድጓዱ ትምህርት ሳይዘጋ በግንቦት ይቆፈር፤ 40 በ40፣ ጥልቀቱም 40 ሳንቲ ሜትር፤ የላይኛው ጥቁር አፈር ለብቻ ይቀመጥና ሲተከል መጀመሪያ ይግባ። በተከላው ቀን ፕላስቲኩ ተቀዶ መውጣት አለበት። ይህን መናገር የሚያስፈልግ ባይመስልም ከነፕላስቲኩ የሚተከለው ብዙ ነው። ሾላ ሥሩ ግድግዳ ስለሚሰነጥቅ ከመማሪያ ክፍል ቢያንስ 10 ሜትር ይራቅ። በሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ ባሕር ዛፍ አይተከል፤ እዚያ ሾላ፣ ዋንዛና ብሳና ይስማሙታል። ከከተማው በላይ ባሉት ቦረቦሮች አፋፍ ላይ የዝሆን ሣር ቢተከል ደለሉን ይይዛል። ሐይቁ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ የገባበት ደለል እዚያው ነው የሚቀረው። በጥቁር ውኃ በኩል ያለው ጨለለቃ ሐይቅ እንዳልነበር ዛሬ ረግረግ ነው።

ቤት ውስጥ ደግሞ ከሰል አለ፤ የስምጥ ሸለቆው ግራር የሚያልቀው በእሱ ነው። ቦሎቄና ሽንብራ ማታ ተዘፍዝፎ ቢያድር፣ ድስቱም ተከድኖ ቢጣድ ከሰሉ በግልጽ ይቀንሳል። ላቀች የተባለው የተሻሻለ የከሰል ምድጃ ከተራው የቆርቆሮ ምድጃ 25 በመቶ ያህል ከሰል ያተርፋል።

በመጨረሻ የምንጠይቀው ስለ ቆጠራ ነው። ዛሬ ትምህርት ቤቶች ሪፖርት የሚያደርጉት ስንት እንደተከሉ ነው። የክልሉ ትምህርት ቢሮ በዚህ ፋንታ ስንት እንደጸደቀ በዓመት ሦስት ጊዜ፣ በመስከረም፣ በጥርና በግንቦት መጨረሻ ቢጠይቅ ሥራው ይለወጣል። እያንዳንዱ ችግኝ ቁጥር የተጻፈበት ካስማ ይተከልለት። የሞተውን ተማሪዎቹ ነቅለው ሥሩን ይዩት፤ በከረጢቱ ቅርጽ ተጠምዝዞ ከቀረ ፕላስቲኩ አልወጣም ወይም ጣቢያው ውስጥ ከልክ በላይ ቆይቷል፤ ተበልቶ ጭቃ ከለበሰ ምስጥ ነው፤ ሥሩ ደህና ሆኖ ጫፉ ከተቀጨ ፍየል ነው፤ መድኃኒቱም የእሾህ አጥር ነው። ምክንያቱ በመዝገብ ይያዝ። የሚሞተውን ለመተካት ጣቢያው ከሚፈለገው 20 በመቶ ጨምሮ ያፍላ። ጋዜጣችሁም የጥር ወር ቆጠራ ሲደርስ የየትምህርት ቤቱን ውጤት፣ የተተከለውን ከጸደቀው ጎን ለጎን አድርጎ እንዲያወጣ በአክብሮት እንጠይቃለን።

ከአክብሮት ጋር
የአካባቢ ጥበቃ ክበብ አስተባባሪ መምህራን፣ ሐዋሳ