ውሃውን ለመርከብ ተዉለት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ጥር 7 ቀን 2014 ዓ.ም. በፓስፊክ ውቅያኖስ ደሴታማዋ አገር ቶንጋ ላይ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ የርዳታ አውሮፕላኖች ለምን አምስት ቀን ዘገዩ የሚል ጥያቄ አሁንም ይነሳል። ያገዳቸው አመድ ነው። አመዱ እንደ ምድጃ አመድ አይደለም፤ የደቀቀ ድንጋይና መስታወት ነው። ሞተር ውስጥ ሲገባ ይቀልጥና ተርባይኑ ላይ ተጋግሮ የአየሩን መንገድ ይዘጋል። የቶንጋ አየር ማረፊያ የፉአአሞቱ ማኮብኮቢያ በአካፋና በእጅ ጋሪ ተጠርጎ ጥር 12 ቀን የኒውዚላንድ ሲ-130 እና የአውስትራሊያ ሲ-17 ወታደራዊ የጭነት አውሮፕላኖች አረፉ።

ጭነቱም ሊታሰብበት ይገባል። ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ውሃ ቢታደል፣ በሲ-130 የመጣ 15 ቶን ውሃ ሺህ ሰው የሚያደርሰው አንድ ቀን ብቻ ነው (የጠርሙሱን ክብደት ሳንቆጥር!)። አውሮፕላኖቹ ባረፉ በማግስቱ የደረሰችው የኒውዚላንድ መርከብ አኦቴያሮዋ ግን 250,000 ሊትር ይዛ ነበር፤ በቀን 70,000 ሊትር የባሕር ውሃም ታጣራለች። ስለዚህ ውሃውን ለመርከብ ትተን፣ አውሮፕላን መድኃኒት፣ የመገናኛ መሣሪያና የውሃ ማጣሪያ ይጫን።

የመንገደኛ አውሮፕላን ይላክ ለሚሉም፦ በሩ ከመሬት ብዙ ሜትር ከፍ ይላል። ደሴቱ ላይ የጭነት ማንሻ ከሌለ ዕቃው በሰው ትከሻ፣ ካርቶን በካርቶን ነው የሚወርደው። ሲ-130 የኋላ መወጣጫውን መሬት ላይ ዘርግቶ ያራግፋል።