ደብዳቤ ለልጄ፦ መጀመሪያ ታች ያለውን እዪው

የኔ እናት እንዴት ነሽ፣ እኛ እዚህ ሐይቅ አልሀምዱሊላህ ሁላችንም ደህና ነን፣ እናትሽ ሰላም ብላሻለች በዱዓም አትረሳሽም። በቴሌግራም የላክሽልኝን የአፕላይድ ማቲማቲክስ የኢንቲግራል ጥያቄ አየሁት፣ አብሽሪ ልጄ የሚያስጨንቅ አይደለም። 2ኤክስ ፕላስ 7 ሲካፈል ለ ኤክስ ስኩዌር ፕላስ 4ኤክስ ፕላስ 13ን ኢንቲግሬት አድርጊ ነው የሚለው አይደል? ታቹን ፋክተር ለማድረግ ግማሽ ገፅ ለፍተሻል፣ ግን እሱ በሪል ነምበር እምቢ የሚል ነው። ዲስክሪሚናንቱን እዪው፣ የ4 ስኩዌር 16 ነው፣ 4 ጊዜ 13 ደግሞ 52፣ 16 ሲቀነስ 52 ማይነስ 36 ይመጣል፣ እሱ ኔጌቲቭ ከሆነ ፓርሻል ፍራክሽኑን፣ ማለት ታቹን ፋክተር አድርጎ ወደ ትናንሽ ክፍልፋዮች መበተኑን፣ ተይው። ተማሪዎቼንም ሁሌ የምለምናቸው ይሄንኑ ነው፣ መፍታት ሳትጀምሩ ታች ያለውን እዩት እላለሁ።

ከዛ የታቹን ዴሪቬቲቭ አውጪ፣ 2ኤክስ ፕላስ 4 ነው፣ አንች ላዩ ላይ ያለሽ 2ኤክስ ፕላስ 7 ስለሆነ 3ቱን ለብቻው ለይው። የመጀመሪያው ክፍል ወዲያው የታቹ ናቹራል ሎግ ይሆናል፣ ታቹ ሁሌም ፖዘቲቭ ስለሆነ አብሶሉት ቫልዩም አያስፈልገውም። የቀረሽ 3 ሲካፈል ለታቹ ነው፣ ስኩዌር መሙላት የሚመጣው እዚህ ጋ ነው።

እሱን ግን እባክሽ እንደ ፎርሙላ አትሸምድጂው። የአልጀብራው ሊቅ አልኸዋሪዝሚ ከ1200 ዓመት ገደማ በፊት ባግዳድ ላይ ኤክስ ስኩዌር ፕላስ 10ኤክስ እኩል ይሆናል 39 የሚለውን በስኩዌር ስዕል ነው ያሳየው፣ ጎኑ ኤክስ የሆነ ስኩዌር ወስዶ በሁለት በኩል ስፋታቸው 5 5 የሆኑ ሬክታንግሎች ለጠፈበትና ጥጉ ላይ የጎደለውን 25 ሞላው፣ ጠቅላላው 64 ሆነ፣ ጎኑ 8፣ ስለዚህ ኤክስ 3። ሱብሀነላህ እንዴት ያምራል! ያንችም እንደዛው ነው፣ በሁለት በኩል 2 2 ለጥፊ፣ የጎደለው ጥግ 4 ነው፣ እሱን ከ13ቱ ስትወስጂ 9 ይተርፋል፣ ታቹ የኤክስ ፕላስ 2 ስኩዌር ፕላስ 9 ሆነ ማለት ነው። 9 የ3 ስኩዌር ስለሆነ የኤክስ ፕላስ 2 ሲካፈል ለ3 አርክታንጀንት ይመጣል፣ ፊቱ ላይ የሚወጣው አንድ ሶስተኛ ከላዩ 3 ጋር ይጣፋል። መጨረሻ ላይ ፕላስ ሲ፣ ቋሚ ቁጥሩን ማለቴ ነው፣ አትርሺ፣ በሱ ማርክ ይቀንሳሉ።

አሁን ላዩን 1 አድርጊና 13ቱን በ4 ቀይሪው፣ ሎግም አርክታንጀንትም የለበትም፣ ማይነስ 1 ሲካፈል ለ ኤክስ ፕላስ 2 ብቻ ነው። በ3 ስትቀይሪው ደግሞ ፋክተር ይሆናል፣ ያኔ ነው ፓርሻል ፍራክሽን፣ ሁለት ሎግ ይወጣዋል። አንድ ቁጥር ብቻ ስትነኪ የመልሱ ዓይነት ሲቀየር ይሄን ሁሉ ዓመት አስተምሬውም ይገርመኛል። ሁለቱንም ራስሽ ሰርተሽ ጁምዓ ማታ ፎቶ ላኪልኝ፣ ቅዳሜ ከኮምቦልቻ ከመጣሽ ደግሞ ደብተርሽን ይዘሽ ነይ፣ ላዩ ከታቹ ዲግሪው ሲበልጥ መጀመሪያ ማካፈል ስላለ እሱን አብረን እንሰራለን።

አባትሽ