ቀብዴን መልሱልኝ

ይድረስ፦ ከዚራ ላለው የውጭ አገር ሕክምና አመቻች ቢሮ
ጉዳዩ፦ ለግንባር ቀዶ ሕክምና የከፈልኩት 30,000 ብር

ሰላም ናችሁ? እኔ ደህና ነኝ፣ ተናድጃለሁ እንጂ።

ጥር 14 ቢሯችሁ የመጣሁት ግንባሩ ወጣ ያለው ልጅ ነኝ፤ እንደማትረሱኝ አውቃለሁ፣ ሳቢያን "በረንዳው" እየተባልኩ ነው ያደግኩት፣ የድሬን ፀሐይ ያለ ኮፍያ የምትችል አንተ ብቻ ነህ ይሉኛል። አማካሪያችሁ ስልኩን ከጆሮው ሳያወርድ የቅንድቤን አጥንት በአውራ ጣቱ ዳበስ አደረገና "ይሄማ ቀላል ነው አቦ፣ ሞረድ ሞረድ ነው፣ በሳምንትህ ሥራ ትገባለህ" አለኝ። እኔም የዕቁብ ብሬን ቆጥሬ ሰጠሁ።

ሲቲ ስካን የሚባል ነገር ከአፋችሁ አልወጣም። በራሴ ወጪ አዲስ አበባ ሄጄ ተነሳሁ። ሐኪሙ ምስሉ ላይ ከቅንድቤ በላይ ያለችውን ጥቁር ቦታ በእስክሪብቶ ከበባትና "ይሄ አየር ነው" አለኝ። ሳይነስ ማለት ነው፣ አጥንቱ ውስጥ ያለ የአየር ክፍተት። ለካ ያ በረንዳ የሚሉት ውስጡ ባዶ ነው፤ የፊቱ ግድግዳ የእኔ ስስ ስለሆነ እንዳላችሁት ቢሞረድ ይበሳ ነበር። መሞረድ ብቻ የሚበቃው አጥንቱ እዚያ ጋ ወፍራም ለሆነ ወይም እዚያ ጋ ሳይነስ ለሌለው ሰው ነው። ለእንደ እኔ ዓይነቱ ቆዳው ከጆሮ እስከ ጆሮ በፀጉር ውስጥ ተከፍቶ፣ የፊተኛው አጥንት ተቆርጦ ይወጣል፣ ይስተካከላል፣ ወደ ውስጥ ገባ ተደርጎ በትንንሽ የቲታኒየም ብሎን ይታሰራል። የራስ ቆዳው ለወራት ሊደነዝዝ ይችላል፣ አንዳንዱ ሰው ላይም ጨርሶ አይለቅም። በሳምንትህ ሥራ ትገባለህ!

ላሠራው አላሠራው የራሴ ጉዳይ ነው፣ ገና አልወሰንኩም። የእኔ ጥያቄ ብሬ ነው። ስደውልላችሁ "እዚያ ስትደርስ ሐኪሙ ይወስናል፣ ልዩነቱን ትጨምራለህ፣ ቀብድ አይመለስም" አላችሁኝ። ደረሰኙ እጄ ላይ ነው፤ አይመለስም የሚል አንድ ቃል የለበትም። "የምክር አገልግሎት" ይላል። የምን ምክር? የአውራ ጣት?

አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል። እስከ ዓርብ ካልመለሳችሁ ደረሰኙንና ሲቲ ስካኑን ይዤ ንግድ ቢሮ ነኝ። በእጅ ልስጥህ ካላችሁም እመጣለሁ፣ ግን በ8 ሰዓት አትቅጠሩኝ፤ በዚያ ሙቀት እናንተም ቢሮ እንደማትገኙ አውቃለሁ።