የእንጨት መጫወቻ ትእዛዝን በተመለከተ

የተከበራችሁ አባላት፣

ከአናጺዎች የምናዛቸውን ባለጎማ መጫወቻዎች ከሁሉ በላይ የሚያበላሻቸው እርጥብ እንጨት ነው። 2.5 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ ነፋስ በሚገባበት ጥላ ውስጥ አንድ ዓመት ያህል ካልቆየ ከእሱ የሚሠራው የእንጨት ጎማ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ቀብዱን እንጨቱ ሲገዛ እንክፈል፤ እጅ ያጠረው ባለሙያ እርጥቡን ለመሥራት ይገደዳል። ከቤት ዕቃ ሥራ የተረፈ የዋንዛ ቁራጭ ቢገኝ ደግሞ እሰየው፣ አዲስ ዛፍ አይቆረጥም።

የጎማው ቀዳዳ ከዘንጉ በ1 ሚሊሜትር ይስፋ፤ አለዚያ በክረምት እንጨቱ ሲያብጥ ይይዛል። ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ ትንንሽ ተነቃይ ክፍል ያለው አንቀበልም።

ቅቡ ንጹሕ የተልባ ዘይት በስሱ፣ ሲደርቅ የንብ ሰም ይሁን። ለቀለም ሥራ የሚሸጠው የተልባ ዘይት ብዙ ጊዜ ቶሎ እንዲደርቅ የብረታ ብረት ውህድ ስለሚገባበት ለልጅ አይሆንም። ዘይት የነካ ጨርቅ ተጨብጦ ከተጣለ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል፤ ተዘርግቶ ይድረቅ።