ደብዳቤ ለልጄ፦ ሳታንኳኳ አትግባ

ከጅማ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ ለአቡሽ፣

ለጤናህ እንደምን አለህልኝ? እኛ ደህና ነን። ክረምቱ ገብቶ አዌቱ ሞልቷል፤ የአባትህ ጉልበትም ትንሽ ተሽሎታል።

አክስትህ ትናንት ደውላ «ልጅሽ እኮ የግቢውን ሲስተም ሰብሮ ገባ፤ ጓደኞቹ ሃከር ነው የሚሉት» አለችኝ፣ ደስ ብሏት። እኔን ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

እንደተረዳሁት ውጤት የምታዩበት ገጽ አድራሻ ላይ የተማሪ ቁጥር አለ፤ አንድ አሃዝ ስትቀይር የሌላ ልጅ ውጤት ወጣልህ። ሲስተሙ በይለፍ ቃል መግባትህን ያረጋግጣል እንጂ የጠየቅከው መዝገብ የማን እንደሆነ አያይም ማለት ነው። የተለመደ ስህተት ነው። መድኃኒቱ ሰርቨሩ ለእያንዳንዱ ጥያቄ የገባውን ሰው ከመዝገቡ ባለቤት ጋር ማመሳከሩ ነው፤ ቁጥሩን በረጅም የማይገመት ኮድ መተካት ብቻውን አያድንም፣ አድራሻው አንዴ በቴሌግራም ከተላከ አለቀ። እስከዚህ ድረስ አልተቆጣሁም። ከዚያ በኋላ ስክሪፕት፣ ሥራውን በራሱ የሚደጋግም አጭር ፕሮግራም፣ ጽፈህ የ200 ልጆች ውጤት ማውረድህ ነው ያስቆጣኝ። አንዲት አሃዝ የነካ ሰው ተሳስቶ ነው ይባልለታል፤ ሉፕ (የሚደጋግም ትዕዛዝ) የጻፈ ሰው ግን አስቦበታል። ያውም በራስህ አካውንት ገብተህ! ሲስተሙ የተደረገውን ሁሉ በሚመዘግብበት ሎግ ላይ ከነሰዓቱ ተቀምጧል።

አቡሽዬ፣ በጽሑፍ ፈቃድ ያልተሰጠህን ሲስተም አትንካ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ መግባትን ብቻውን፣ ምንም ባትሰርቅም ባታበላሽም፣ እስከ 3 ዓመት እስራት ያስቀጣል፤ ሲስተሙ የድርጅት ሲሆን ደግሞ ይከብዳል።

የሞሪስን ትል፣ ያንን ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ራሱን እያባዛ የሚዛመት ፕሮግራም፣ አስተምሬሃለሁ። ያስተማርኩህ ግን ቴክኒኩን ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2 ቀን 1988 የኮርኔል ተማሪው ሮበርት ታፓን ሞሪስ ፕሮግራሙን ከኤምአይቲ ኮምፒውተር ለቀቀው። አንዱ መግቢያው ኮምፒውተሩን ማን እየተጠቀመ እንደሆነ የሚናገረው የፊንገር አገልግሎት ነበር፦ 512 ባይት የሚይዝ ቦታ አዘጋጅቶ «ጌትስ» በሚባለው ፋንክሽን (የፕሮግራም ክፍል) ያነባል፤ ጌትስ ደግሞ መጠን አይቆጥርም። 536 ባይት ሲላክለት ትርፉ ፈስሶ ፋንክሽኑ የሚመለስበትን አድራሻ ደመሰሰው። ይህን ታውቃለህ። ትሉ ቀድሞ የገባበትን ማሽን ሲያገኝ መተው ነበረበት፤ የማሽኑ ባለቤቶች ትሉ ሳይኖር በውሸት «አለሁ» እንዳያስብሉ ብሎ ግን ሞሪስ ከ7 ጊዜ አንዱን ምንም ቢመልሱለት እንዲቀጥል አዘዘው። ማሽኖቹን ያነቀቻቸው ያቺ ከ7 አንዷ ናት፤ በአንድ ኮምፒውተር ላይ እየተደራረበ ከእጁ ወጣ። የ3 ዓመት ገደብ፣ የ400 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎትና የ10,050 ዶላር ቅጣት ተፈረደበት።

ሳልነግርህ የቀረሁት የአባቱን ነገር ነው። አባትየው ያን ጊዜ የአሜሪካ ብሔራዊ የኮምፒውተር ደህንነት ማዕከል ዋና ሳይንቲስት ነበሩ። በ1979 ከኬን ቶምሰን ጋር ስለ ይለፍ ቃል ጥበቃ የጻፉትን ጽሑፍ ዛሬም የሙያው ሰው ያነበዋል፤ የልጃቸው ትል ደግሞ ደካማ ይለፍ ቃል እየገመተ ገባ። ትናንት ሌሊት ሳስብ ያደርኩት እኚያን አባት ነው። እኔም ቀዳዳ መፈለግ አስተማርኩህ፤ በር ማንኳኳት ግን አላስተማርኩህም። ጥፋቱ የኔም ነው፣ ልጄ።

«እሱ ኋላ የኤምአይቲ ፕሮፌሰር ሆነ» እንደምትለኝ አውቃለሁ። እውነት ነው። አንተ ግን ረዳት ምሩቅ ሆነህ መቅረት ነው ምኞትህ፤ የዲሲፕሊን መዝገብ ያለበትን ተመራቂ ደፍሮ የሚቀጥር ትምህርት ክፍል እንዳትጠብቅ። ይልቅ በዚያው በ1988 መኸር ባርተን ሚለር በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ምን እንዳሠራ ተመልከት። ተማሪዎቹ ለዩኒክስ ፕሮግራሞች የዘፈቀደ ፊደል እንዲመግቡ የክፍል ሥራ ሰጠ። በ1990 ሲታተም፣ ከሞከሯቸው ፕሮግራሞች ከ25 እስከ 33 በመቶው ወድቀው ተገኙ። ዛሬ ፈዚንግ የምንለው ከዚያ መጣ። የማንም በር አልተሰበረም፤ ሁሉም የተሠራው በራሳቸው ማሽን ላይ ነው።

አንተም እንደዚያ አድርግ። ላፕቶፕህ ራሙ 8 ጊጋ ስለሆነ በኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር በሚያስነሳው በቨርቹዋልቦክስ ሁለት ማሽን ብቻ ጫን፤ ለመሞከሪያው 2 ጊጋ፣ ለመለማመጃ ተብሎ ቀዳዳ ለተተወበት ለሜታስፕሎይተብል 1 ጊጋ ይበቃል። ኔትወርኩን ከላፕቶፕህ እንዳይወጣ «ሆስት ኦንሊ» አድርገው። «ብሪጅድ» ካልከው ሆን ተብሎ ቀዳዳ የተተወበት ማሽን ለዶርሙ ዋይፋይ ሁሉ ይታያል። ሳትጀምር ስናፕሾት (መመለሻ ቅጂ) ያዝ።

ለመመረቂያ ጽሑፍህ ፋይል የሚያነብ አንድ ክፍት ምንጭ ላይብረሪ፣ ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት የኮድ ስብስብ፣ ምረጥና በፈዚንግ መሣሪያው በኤኤፍኤል ፕላስ ፕላስ ፈትሸው። ኮምፓይል ስታደርግ የሜሞሪ ስህተት የሚያጋልጠውን አድረስ ሳኒታይዘርን ጨምር፤ ያለሱ ከቦታው ያለፈ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ፕሮግራሙን ሳይጥል በዝምታ ያልፋል፣ አንተም ስህተት የለም ትላለህ። መነሻ ፋይሎችህ ትንንሽ ይሁኑ። 24 ሰዓት አሂደው፤ ነገሩ ዕድል ስላለበት ቢያንስ 10 ጊዜ ድገመው። አንድ ጊዜ ብቻ አሂደህ «የኔ ዘዴ ይሻላል» ብትል ገምጋሚው ይመልስልሃል፣ መመለሱም ልክ ነው። መብራት ከጠፋ አትደንግጥ፤ የመነሻ ፎልደሩን ስም በሰረዝ ተክተህ ብታስነሳው ካቆመበት ይቀጥላል። ያገኘኸውን ስህተት መጀመሪያ ለላይብረሪው ባለቤቶች በግል ጻፍላቸው፤ ቴሌግራም ቻናል ላይ እንዳላየው!

አሁን ስለ ግቢው። ገጹን እንደገና አትክፈት፣ ለማንም «ላሳይህ» አትበል። የወረደውን ፋይል ለማንም አትላክ፤ እጅህ ላይ እንዳለ ተናገርና ሲሉህ አጥፋ። ነገ ጠዋት አማካሪህ ዘንድ ሂድ። ከዚያ ለሲስተሙ ኃላፊዎች አንድ ገጽ ጻፍ፦ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የትኛውን አሃዝ እንደቀየርክ፣ ምን እንደወጣ፣ እንዴት እንደሚጠገን። ስክሪፕቱንም ጻፈው፣ አትደብቀው። «ካልከፈላችሁኝ» የሚመስል ቃል እንዳይገባበት። እና ልጄ፣ ፈቃድ በወረቀት ካልያዝክ አትንካ፤ «በቃል ፈቅደውልኛል» አይሠራም።

በአጎትህ ልጅ እጅ 2 ኪሎ ቡና ልኬልሃለሁ፤ ግማሹን ለአክስትህ ስጣት። ለሲስተሙ ኃላፊዎች የምትጽፈውን ሳትልከው በስልክ አንብብልኝ። ነገ ከሰዓት ቤት ነኝ።

እናትህ