ከሥሯ ሳታዪ እንዳትከፍዪ

ልጄ፣

እንደምን ነሽ? ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የእናትሽ ጉልበት ብርድ ሲሆን ትንሽ ያስቸግራታል እንጂ ሌላው ሰላም ነው።

እሁድ እህትሽ ስትደውል ነገሩን ሰማሁ። እዚያ ሜሪላንድ አንድ አሮጌ ቮልስ አይተሽ ልብሽ ተሰርቋል አለችኝ። ጣራዋ የሚታጠፍ፣ በፈረንጆቹ የ1972 ስሪት። ሰውየው 9,000 ዶላር ጠርቶባታል። ሞተሯ ይነሳል፣ ግን ብዙ ሥራ ይቀራታል። "አባዬ እንዳይሰማ" ማለትሽንም ነገረችኝ። እሱ ከፍቶኛል። አርባ ዓመት ባትላሜራ ሆኜ ኖሬ፣ ልጄ መኪና ልትገዛ መሆኑን ከሰው አፍ መስማት አልነበረብኝም። ለምን እንደደበቅሽኝም ግን አውቃለሁ። እመጣበታለሁ።

ዋናውን ላስቀድም። ከሥሯ ሳታዪ እንዳትከፍዪ። ቀብድም ቢሆን።

እዚህ የምታውቂያቸውን ቮልሶች እያሰብሽ አትሂጂ። አዲስ አበባ መንገድ ላይ ጨው አይበተንም። እናንተ ጋ በረዶ በጣለ ቁጥር ይበተናል። ያ ጨው ከጎማው እየተረጨ ይገባና ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል። ከላይ ቀለሙ ያበራል፣ ከሥር ወንፊት ይሆናል።

ጣራዋ የሚታጠፍ ደግሞ የባሰ ነው። ጣራ ያላት ቮልስ እንደ እንቁላል ናት፤ ጉልበቷ ቅርፊቷ ላይ ነው። ጣራው ሲነሳ ሸክሙ በሙሉ ወደ ወለሉና ከበሮቹ ሥር ወዳሉት ብረቶች ይወርዳል። ጣራቸው የሚታጠፉትን ቮልሶች ጀርመን አገር ኦስናብሩክ ያለው የካርማን ፋብሪካ በፈረንጆቹ ከ1949 እስከ 1980 ከ330 ሺህ በላይ ሠርቷል። ሲሠራም ከበሩ ሥር ተጨማሪ ማጠንከሪያ ብረት እየጨመረ ነበር። መጀመሪያ የሚበሰብሰውም እዚያው ነው። እሱ ከተበላ መኪናዋ ወገቧ ይጎብጣል። ይህን በዓይንሽ ታውቂዋለሽ። በሩን ዝጊና ዙሪያውን ያለውን ክፍተት ተመልከቺ። ከላይ ጠቦ ከታች ከሰፋ መኪናዋ ጎብጣለች። ሁለት ሰው ውስጥ አስቀምጪና በሩን ክፈቺ፣ ዝጊ። በሩ ተነክሶ አልከፈት ወይም አልዘጋ ካለ እንዳትገዢ።

የኋላ መቀመጫውን አንሺው። ባትሪው ያለው ከሱ ሥር፣ በቀኝ በኩል ነው። የባትሪ አሲድ ሥሩን ይበሳዋል። ሻጩ ምንጣፍ ካለበሰው ምንጣፉን ግለጪ፤ አይከፋውም፣ ቢከፋውም ይክፋው። እዚያው መሃል ላይ የሻንሲው ቁጥር ተመትቷል። ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል አስተያዪው። ማግኔት ይዘሽ ሂጂ። ብረት ላይ ይጣበቃል፣ ወፍራም ስቱኮ ላይ ግን ይወድቃል።

ሞተሯ ስለተነሳ ልብሽ አይሙቅ። የቮልስ ሞተር በአራት ቡሎን ነው የተያዘው፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይወርዳል። መለዋወጫውም እንደ ልብ ይገኛል። እኔ ብሆን ሞተሯ የሞተ፣ ወለሏ ግን ጤነኛ የሆነችውን እመርጣለሁ። ሞተር ይገዛል። የበሰበሰ ሻንሲ ግን ተቆርጦ፣ ተለክቶ፣ ተበይዶ ነው የሚድነው። ሲቆረጥ ደግሞ የበሩ ክፍት ቦታ አስቀድሞ በብረት ካልተደገፈ መኪናዋ እጅሽ ላይ ትታጠፋለች። ስለዚህ ነው ከሥሯ ሳታዪ አትክፈዪ የምልሽ።

እናትሽ አጠገቤ ተቀምጣ "ልጆቹን ማን ይይዝላታል በላት" ትላለች። ብያለሁ።

ስለ ብሩ ደግሞ። ለቤት ቅድሚያ ክፍያ ያስቀመጥሽውን አትንኪው። አንድ ዶላር እንኳ። አጎትሽ ያን የጭነት መኪና ሲገዛ ምን እንደሆነ ቤታችን ውስጥ የማያውቅ የለም። በየወሩ ከደሞዝሽ የምትችይውን ለብቻው አስቀምጪ። ሥራውም በዚያው ልክ ይሂድ። ሦስት ዓመት ይፍጅ።

አሁን ወደዚያ ነገር ልምጣ።

ያቺን ቢጫ ቮልስ ታስታውሻለሽ? የመምህሩን። አስራ አንድ ዓመትሽ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ምሳዬን ይዘሽ ጋራዥ ትመጪና እዚያው ትቀሪ ነበር። መብራት ትይዢልኛለሽ። እጅሽ አይንቀጠቀጥም ነበር። ያን ቀን መብራቱን በግራ እጅሽ ይዘሽ፣ በቀኝሽ የካቻቢቴውን እጀታ ከበሩ ሥር ኳ ኳ እያደረግሽ ሄድሽ። አንድ ቦታ ላይ ቆምሽ። "አባዬ፣ እዚህ ጋ ድምፁ ሌላ ነው" አልሽኝ።

ባለመኪናው ቆሞ ነበር። ሳቀ። "ሴት ልጅ ጋራዥ ውስጥ ምን ታደርጋለች?" አለ። እኔም አፈርኩ። ምኑ እንዳሳፈረኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። "ሂጂ፣ እናትሽን አግዢ" ብዬ ጮኽኩብሽ። መብራቱን መሬት ላይ አስቀመጥሽ፣ እጅሽን በቀሚስሽ ጠረግሽና ሄድሽ። ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ምሳዬን የሚያመጣው ወንድምሽ ሆነ።

ያልነገርኩሽ ይህን ነው። መኪናዋን ቀብቼ አስረከብኩ። ክረምቱ ሲወጣ፣ መስከረም ላይ ተመልሳ መጣች። አንቺ ያልሽው ቦታ ላይ ቀለሙ ተነፍቷል። በአውራ ጣቴ ስጫነው ተገምሶ ወደቀ። ከሥሩ ብረት አልነበረም። ከእኔ በፊት የሠራት ሰው ቀዳዳው ውስጥ ጋዜጣ ጠቅጥቆ ስቱኮ ለብዶበት ነበር። አንቺ በጆሮሽ ያገኘሽውን እኔ በላዩ ላይ ቀለም ቀባሁበት። ቆርጬ አዲስ ላሜራ በየድኩበት። አራት ቀን ፈጀብኝ፣ ብርም አልተቀበልኩም።

የዚያን ቀን ማታ ልነግርሽ ነበር የገባሁት። የቤት ሥራሽን እየሠራሽ ነበር። ቀና ብለሽ አየሽኝና ወደ ደብተርሽ ተመለስሽ። ራት ቀረበ፣ በላን። አልነገርኩሽም። በማግስቱም አልነገርኩሽም። ይኸው ሃያ አምስት ዓመት ሆነው። ወንድምሽን ጋራዡ ውስጥ ላስቀረው ስንት ለፋሁ። እሱ ግን መዶሻ እንኳ አይወድም። ጆሮው የነበረሽ አንቺ ነበርሽ፣ እኔ ነኝ ያባረርኩሽ። ይቅር በይኝ፣ ልጄ።

ስለዚህ "አትግዢ" የምልበት አፍ የለኝም። ግዢ። ግን እንደ ባለሙያ ግዢ። ከሥሯ ሳታዪ እንዳትከፍዪ።

ከገዛሽ ደግሞ እነዚህን ስሚኝ። በመጀመሪያው ቀን የቤንዚኑን ጎማ ቱቦዎች በሙሉ ቀይሪ። ሞተሩ ከኋላ ነው፣ ይግላል። ያረጀ ቱቦ ከተሰነጠቀ ቤንዚን ይንጠባጠብበትና እሳት ይነሳል። የእሳት ማጥፊያ ከመቀመጫው ሥር ይኑር። ማሞቂያዋ አየሩን የምታሞቀው በጭስ ማውጫው ሙቀት ነው፣ በበሩ ሥር ባለው ባዶ ብረት ውስጥ አድርጎ ይመጣል። የሆነ ቦታ ከተበሳ ጭሱ ወደ ውስጥ ይገባል። እሱ ሳይጣራ ልጆቹን አታሳፍሪ። በክሪክ ብቻ ተማምነሽ ደግሞ ከሥሯ እንዳትገቢ! ቋሚ መደገፊያ ብረት ግዢ። አራት።

ጣራውን በራስሽ አትሞክሪው። በውጭ ልብሱና በውስጡ መካከል ሌላ ሙሌት አለው፤ ሲወጠር ልምድ ይጠይቃል። እሱን መጨረሻ ላይ ለባለሙያ ስጪ።

የሠፈራችን ልጅ በሚቀጥለው ወር ወደ እናንተ ትመጣለች። እናትሽ በርበሬና ሽሮ ትልክልሻለች። እኔ ትንሿን መዶሻዬን ጠቅልዬ ሰጥቻታለሁ፣ ያቺን እጀታዋ በጨርቅ የታሰረውን። በሻንጣ እንጂ በእጅ እንዳትይዘው ነግሬያታለሁ።

ቅዳሜ ልታያት ስትሄጂ ደውይልኝ። እዚህ ማታ ይሆናል፣ አልተኛም። ካቻቢቴ ያዢ። ስልኩን ከበሩ ሥር አስጠጊልኝና ከፊት እስከ ኋላ በእጀታው አንኳኪው፣ እኔም ልስማ። ድምፁ ሌላ የሆነበት ቦታ ካገኘሽ ግን እኔ ምን እንደምል አትጠብቂ። ሰውየውን አመስግኚውና ወደ ቤትሽ ሂጂ።

አባትሽ